ትንሿ ትራክተር በጎጃም ደጋ

ከዐባይ በረሃ ወጥቶ ከደጀን አፋፍ ጀምሮ በሉማሜና በደብረ ማርቆስ እያለፈ እስከ ደምበጫ በተዘረጋው የእርሻ አገር፣ ሞፈርና ቀንበር ከአበው ወደ ውሉድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ጠባዩም በጠራቢውና በአራሹ ዘንድ ተመርምሮ ያለቀ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ አዲስ ጎጆ የወጣ ጎልማሳ የመጀመሪያ ሞፈሩን ሲያስጠርብ የሚያማርጠው ነገር ቢኖር እንጨቱን ብቻ ነው፤ ድግሩ ቢሰነጠቅ ምትኩ ከጓሮ ዛፍ ይቆረጣል፣ ማረሻው ቢዶለዱምም ቀጥቃጩ ከመንደር አይጠፋም። የመጀመሪያ ትራክተሩን ለመግዛት የተነሣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ውርስ የለውም፤ ከፊቱ የሚቀርብለት መሣሪያ ለሌላ አገር አፈር፣ ለሌላ አገር አየርና ለሌላ አገር የመሬት ስሪት ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ስለ ሞተሩ ኃይል የሚነግረውን ከመስማቱ አስቀድሞ የገዛ መሬቱን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።

ለአነስተኛ ይዞታ የሚሠሩት ትራክተሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዪቱ ባለ ሁለት ጎማዋ ናት፤ ይህች ነጂዋ ሁለት እጀታዎቿን ይዞ ከኋላዋ እየተራመደ የሚያርስባት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ፒስተን የናፍጣ ሞተር የተሸከመች፣ ክብደቷም ከአራትና ከአምስት ኩንታል የማይርቅ መሣሪያ ናት። የሁለት በሬዎች ጉልበት ተደምሮ ከአንድ የፈረስ ጉልበት እምብዛም እንደማያልፍ ያሰበ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የተስፋፋችው፣ በቻይና በብዙ ፋብሪካ የምትሠራው፣ በባንግላዴሽም የአገሩን የእርሻ መሬት አብዛኛውን ክፍል እስከ ማረስ የደረሰችው ይህችው ናት። ወደ እኛ አገርም ከገባች በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረውና ሲሚት በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል የመራው፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዚምባብዌን ያካተተው ፕሮግራም በዘር መዝራት፣ በመውቃትና በማጓጓዝ ሥራ ሞክሯታል፤ የፕሮግራሙም ሐሳብ እያንዳንዱ ገበሬ አንዳንድ ይግዛ የሚል ሳይሆን፣ አንዱ ገዝቶ ለጎረቤቶቹ በኪራይ ይሥራ የሚል ነበር።

ሁለተኛዪቱ ባለ አራት ጎማዋ ናት፤ ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ነጂዋ ተቀምጦ የሚነዳት፣ የትልቁ ትራክተር ታናሽ እኅት ናት። የእርስዋን ምስጢር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። በቀድሞ ዘመን ትራክተር ማረሻውን እንደ ጋሪ በሰንሰለት ይጎትት ስለ ነበር፣ ማረሻው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲይዘው የፊት ጎማዎቹ ወደ ላይ ተነሥተው መኪናው በነጂው ላይ የሚገለበጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሃሪ ፈርጉሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 መብቱን ባስከበረበት ፈጠራ፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጀርባ ጋር በሦስት ክንድ አያይዞ፣ በዘይት ግፊት የሚነሣና የሚወርድ አደረገው፤ አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላ ሲጎትተውም ያ ኃይል በላይኛው ክንድ በኩል ተላልፎ ትራክተሩን ወደ መሬት የሚጫነው ሆነ። ቀላል ትራክተር ከባድ ሥራ ለመሥራት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በዚያው አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 በብዙ መቶ ሺህ የተሠራው ትንሹ የፈርጉሰን ትራክተርም ይህን ለዓለም አሳየ። ስለዚህ ባለ አራት ጎማዋን የሚገዛ ሰው ቀለሟን ከማድነቁ በፊት ከጀርባዋ ያሉትን ሦስት ክንዶች፣ በደቂቃ 540 ጊዜ እየዞረ መውቂያውንና ፖምፓውን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ፣ እንዲሁም አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ መሆናቸውን ይመርምር።

አሁን ወደ አገራችን ጠባይ እንመለስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ በነዳጁ ብቻ ሳይሆን በሚስበው አየር ልክ ስለሚሠራ፣ በፋብሪካው መዝገብ 25 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ሞተር ቱርቦ ከሌለው በቀር በከተማዋ ዙሪያ ባለው በጎዛምን እርሻ ላይ ሲቆም 20 ቢሆን ነው፤ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ድንቹና ወደ ገብሱ አገር ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሃም በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ፣ በክፍት ገንዳ ውሃ የሚቀዘቅዙት ባለ አንድ ፒስተን ሞተሮች ገንዳቸው ቶሎ ይጎድላል፤ ነጂው ጀሪካን ውሃ ከአጠገቡ ሳያስቀምጥ እርሻ መጀመር የለበትም። ይህን ነገር ለገዥው የሚነግር ነጋዴ እምብዛም አይገኝምና፣ ገዥው ራሱ ከተጻፈው ቁጥር አምስተኛውን እጅ ቀንሶ መቁጠር ይገባዋል።

ከአየሩም ይልቅ ወሳኙ አፈሩ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያና በማቻከል የሚበዛው ቀይ አፈር ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ፣ ዝናብ ካረሰረሰው በኋላ ለማረሻ የሚገራ ስለ ሆነ፣ ባለ ሁለት ጎማዋ እንኳ እየዞረ አፈር በሚያደቅቀው ሮታቫተሯ ልታለሰልሰው ትችላለች። በብቸና፣ በእነማይና በደጀን ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ በበጋ እንደ ጡብ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ጎማ ጨብጦ የሚይዝ ማጥ ይሆናል፣ ሊታረስ የሚወደውም በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በደረቀው ዋልካ ላይ ቀላሏ ማሽን ትዘላለች እንጂ አትቆርጥም፤ በረጠበው ላይ ደግሞ ትሰምጣለች። እዚያ የሚያስፈልገው ክብደትና አራቱም ጎማ የሚጎትት ኃይል ነው፤ ከ35 የፈረስ ጉልበት በታች የሆነ ትራክተር ለዋልካ መግዛት በእኔ አስተያየት ገንዘብን መቅበር ነው።

ጤፍ ለሚዘራ ገበሬ ደግሞ ሌላም የሚታሰብ አለ። ጤፍ መሬቱ ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሣልሶ፣ ከዚያም በላይ ተመላልሶ ካልታረሰ በቀር እሺ የማይል እህል በመሆኑ፣ በሬ ላነሰው ሰው ከባዱ ሸክም ይህ ምልልስ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላው ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ተራ ሲጠብቅ ዝናቡ እንደሚያልፍበት የታወቀ ነው። ትራክተር ይህን ምልልስ ታሳጥራለች። ነገር ግን ሮታቫተር አፈሩን እንደ ዱቄት ስለሚያደቅቀው በተዳፋት ላይ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ገበሬው ውሃውን ለማንጣፈፍ በማረሻው እያጋደመ የሚያወጣውን ፈሰስም ሮታቫተር አይቀድለትም። እንግዲህ ትራክተር የገዛ ሰው በሬዎቹን በማግስቱ ወደ ገበያ አይንዳ፤ ቢያንስ ጥቂት ዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው።

የመሬቱ ስሪትም ከአፈሩ አያንስም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትራክተር የተስፋፋው ባለ ርስትና ባለ ጉልት ሰፋፊ መሬት በያዘበት በጭላሎና በመሰለው አገር ሲሆን፣ በዚያም ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ እንዲነቀል ምክንያት ሆኗል፤ የጎጃም ደገኛ ግን በርስቱ ጸንቶ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ እስከ ማመፅ የደረሰ በመሆኑ፣ ያኔም ሰፊ የትራክተር እርሻ በደጋው ላይ አልተተከለም። በደርግ ዘመን ትራክተሮች በብዛት የገቡት ወደ ቆላው፣ ወደ ብርና ወደ አየሁ የመንግሥት እርሻዎች ነበር። በደጋው የመሬት አዋጁና በኋላም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ይዞታውን እየከፋፈለው ሄዶ፣ ዛሬ አንድ ሄክታር ገደማ ያለው ገበሬ ያንኑ በሦስትና በአራት ቦታ ተበታትኖ ያገኘዋል። ግማሽ ጥማድ በማትሞላ ቁራሽ ላይ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ከማረስ ይልቅ ሲዞር ይውላል። ባለ ሁለት ጎማዋ ግን በእርከኑና በወሰኑ መካከል ትገባለች፤ በአንድ ቀንም ሁለት ጥማድና ከዚያ በላይ ታርሳለች፣ ነዳጇም በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ጎረቤታሞች በኩታ ገጠም ለመዝራት የተስማሙ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ትልቂቱን በማኅበር መግዛት ወይም መከራየት ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ትራክተር ሲመክሩ ይህን አያነሡትምና። በዚህ አገር ምእመናን ዘንድ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለምና በዓለ እግዚአብሔር በየወሩ ሲከበሩ፣ ቅዳሜና እሑድም ሲታከሉባቸው፣ ሞፈር የሚያዝበት ቀን ከወሩ እኩሌታ ገደማ ቢሆን ነው። የዋልካው ሜዳ ሊታረስ የሚፈቅድባቸው ጥቂት ቀናት ከእነዚህ በዓላት ጋር ሲገጥሙ የቀረው ጊዜ እጅግ ጠባብ ይሆናል። በዓሉን ሳያፈርስ እርሻውን ለማድረስ ለሚፈልግ ሰው ትራክተር የምትሰጠው ታላቁ ነገር በቀሪው የሥራ ቀን ፈጥና መጨረሷ ነው። ለኪራይ የሚገዛም ሰው ገቢውን ሲተምን ሠላሳውን ቀን ሳይሆን ይህን የሥራ ቀን ይቁጠር።

ከእርሻ በቀር ያለው አገልግሎት ደግሞ፣ ብዙዎች እንደ ተጨማሪ ቢያዩትም፣ እንደኔ ከሆነ ዋናው ነው። እርሻ የሚበዛው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው፤ በቀሩት ወራት ቆማ የምትውል ትራክተር ዕዳዋን አትከፍልም። ነገር ግን የባለ ሁለት ጎማዋ ሞተር በቺንጊያ ከመውቂያ ማሽን ጋር ሲያያዝ፣ በአውድማ ላይ በከብት እግር ተበራይቶ ከአፈርና ከፋንድያ ጋር የሚቀላቀለው ጤፍ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ተጎታች ሲቀጠልላትም ነዶውን ከማሳ፣ ድንቹን ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያውን ከመጋዘን ታመላልሳለች። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ብዙው ክፍል በአሲድ የተጎዳ በመሆኑ፣ ከደጀን አካባቢ የሚመጣው ኖራ በሄክታር በብዙ ኩንታል ተቆጥሮ መበተን አለበት፤ ይህን ሁሉ በአህያ ጀርባ ከመንገድ ዳር እስከ ማሳ ማድረስ አድካሚ መሆኑን ኖራ የሞከረ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለ ሁለት ጎማዋን የሚገዛ ከማረሻዋ በፊት ተጎታቿንና መውቂያዋን ይግዛ።

ስለ ጥገና የሚነገረው ከሁሉ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉም የዐባይ ሸለቆ አለ። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ኩሺኔታ ተሰብሮ መለዋወጫው ከዋና ከተማ እስኪመጣ ሳምንት የቆመች ትራክተር፣ ምንም ያህል ኃይለኛ ብትሆን፣ ለዚያ ዓመት ከሞፈር ታንሳለች። ባለ አንድ ፒስተኑ የቻይና ሞተር ድምፁ የሚያደነቁር፣ ንዝረቱ እጅ የሚያደነዝዝ ቢሆንም፣ አሠራሩ ግልጽ በመሆኑ የወፍጮ ቤት ሞተር የሚጠግን መካኒክ ሁሉ ሊፈታውና ሊገጥመው ይችላል፤ ከፋብሪካ የወጣችው ባለ ኤሌክትሮኒክስ ትራክተር ግን ኮምፒዩተር የያዘ ባለሙያ ትጠይቃለች። ፍሪሲዮኑ፣ ፊልትሮው፣ ቺንጊያውና ፖምፓው በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ሱቅ ተደርድሮ ያልታየ የትራክተር ዐይነት፣ ዋጋው እኩሌታ ቢሆን እንኳ አይገዛ። ያገለገለችውን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን እንደሚያይ ሁሉ የሰዓት መቁጠሪያዋን፣ በቀዝቃዛ ማለዳ ስትነሣ የምታወጣውን ጭስና የካምቢዮዋን ዘይት ቀለም ይመልከት።

በገንዘቡ በኩል መንገዱ ከቀድሞው ተሻሽሏል፤ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ሆነው እንዲገቡ ፈቅዷል፣ እንደ ዋልያ ያሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶችም መሣሪያውን ገዝተው በረጅም ጊዜ ክፍያ ያከራያሉ።

ስለ አደጋውም ዝም ማለት አይገባም። ትራክተር የምትገድለው ከሁሉ አብልጦ በመገልበጥ ነው፤ ባለ አራት ጎማዋ ከነጂው መቀመጫ በላይ የብረት ቅስትና ቀበቶ ከሌላት አትገዛ፣ ተዳፋቱ የጸና ማሳም ለበሬ ይተው። በባለ ሁለት ጎማዋ ላይ ደግሞ የሚዞረው ሮታቫተር እግር እንዳይዝ፣ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው እንዳይቀርባት፣ ሕፃናትም በተጎታቿ ላይ እንዳይንጠላጠሉ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ሥርዐት ያብጅ።

እንግዲህ ለጎዛምን ወይም ለማቻከል ቀይ አፈር፣ ለተበታተነ አንድ ሄክታር፣ ባለ 12 ወይም ባለ 15 የፈረስ ጉልበቷ ባለ ሁለት ጎማ ከተጎታችና ከመውቂያ ጋር ትበቃለች፤ ለብቸናና ለእነማይ ዋልካ ግን በማኅበር የተገዛች ከበድ ያለች ባለ አራት ጎማ ትሻላለች። ገዥ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ነጋዴውን በሰኔ ዝናብ ማግስት ወደ ማሳህ ጥራው፤ ከማሳዎችህ ሁሉ በከበደው ላይ አንድ ጥማድ ይረስልህ፣ የፈጀውን ናፍጣ በዐይንህ እያየህ ይለካ፣ የመለዋወጫውንም ዝርዝር ከነቦታው ጽፎ ይፈርምልህ። ይህን አላደርግም ያለህ እንደ ሆነ ከእርሱ አትግዛ።