ስንቅና የባሮ ውሃ

  ጽሑፉን በእጃችሁ የያዛችሁ ጣታችሁን ከቃሉ በታች እያስኬዳችሁ አብራችሁን አንብቡ።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ስንቅ ነው። ገበያው ሩቅ ሲሆን፣ መንገዱም በውሃ ሲቆረጥ፣ አንድ ቤተሰብ ጨውና እህል ሳያልቅበት እንዴት ይከርማል? ጥያቄው ይህ ነው።

በጋምቤላ ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንጀምረው ከባሮ ወንዝ ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ይወርዳል። በጋምቤላ ከተማና በኢታንግ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ ሱዳን ይሄዳል። እዚያ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል። ሶባትም በማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ባሮ በሰኔ መሙላት ይጀምራል። ከጥቅምት በኋላ ይጎድላል። በበጋ አሸዋው ከውሃው ውስጥ ብቅ ይላል። ስለዚህ ወንዙ እንደ በር ነው። የሚከፈትበት ወር አለው፣ የሚዘጋበትም ወር አለው።

ይህን በር ነጋዴዎች ድሮም ያውቁት ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት እንግሊዞች በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ በኪራይ ያዙ። መጀመሪያ የታሰበው ቦታ ኢታንግ አጠገብ ነበር፤ ኋላ ግን ጋምቤላ ተመረጠ። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ጭነው ይመጡ ነበር። ሲመለሱ ከደጋ በበቅሎ የወረደውን ቡና ይጭናሉ። ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መደበኛው የመርከብ ጉዞም በደርግ ዘመን ተቋረጠ።

እስቲ የመርከቡን ሰዎች እናስብ። ከካርቱም ወደ ጋምቤላ ሲወጡ 11 ቀን ያህል ይፈጅባቸው ነበር። ሲወርዱ ውሃው ስለሚያግዛቸው 7 ቀን ይበቃቸዋል። ቤታቸው መርከቡ ነው። ወንዝ መሀል ሆኖ «ጨው አለቀ፣ ሱቅ ልላክ» አይባልም። ስለዚህ ከመነሳታቸው በፊት ሦስት ነገር መቁጠር ነበረባቸው። ስንት ሰው ነን? ስንት ቀን እንቆያለን? አንድ ሰው በቀን ስንት ይበላል? መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሊቆይም ስለሚችል ትርፍ ቀን ይጨመራል። የጋምቤላ ነጋዴም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው መርከብ በጥቅምት ከሄደ፣ የሚቀጥለውን እስከ ሰኔ መጠበቅ ነበረበት።

ዛሬ ዕቃ ወደ ከተማው በመኪና ይመጣል። መንገዱ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በታችኛው ቆላ፣ እንደ ዋንቱዋና አኮቦ ባሉ ወረዳዎች ግን ነገሩ ተገለበጠ። ድሮ ክረምት ሲገባ ለመርከብ በሩ ይከፈት ነበር። አሁን ክረምት ሲገባ ለመኪና በሩ ይዘጋል። የሚቀረው ጀልባና ታንኳ ነው። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ዋጋ ይወጣል። ያልተዘጋጀ ሰው በነሐሴ ጨውና ሳሙና በዱቤ ይወስዳል። ዕዳውን የሚከፍለው ገና ባልደረሰው በቆሎ ነው። ስለዚህ ስንቅን መቁጠር የጓዳ ሥራ ብቻ አይደለም። የልፋትን ዋጋ ማዳን ነው።

አሁን እንቁጠር። ስድስት ሰው ያለበት አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። መንገዱ የሚዘጋው ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው እንበል። አራት ወር 120 ቀን ነው። ጳጉሜን እንዳትረሱ! አምስት ቀን ሲጨመር 125 ቀን ይሆናል።

መጀመሪያ እህል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ብንይዝ፣ ለስድስት ሰው 3 ኪሎ ነው። 3 ኪሎ በ125 ቀን ሲባዛ 375 ኪሎ ይሆናል። አራት ኩንታል ሊሞላ 25 ኪሎ ይቀረዋል ማለት ነው። ዓሣ፣ ወተትና እሸት ሲገኝ ይተርፋል፤ ትርፉም ለክፉ ቀን ነው።

ቀጥሎ ጨው። አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ባያስበልጥ ለጤናው ጥሩ ነው። ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ለስድስት ሰው በቀን 30 ግራም ይሆናል። በ125 ቀን 3,750 ግራም ነው። እንግዲህ 4 ኪሎ ይበቃል።

ሳሙና፣ ክብሪት፣ ደረቅ ማገዶና አጎበርም በዝርዝሩ ይግቡ። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ኬላ ጠይቁ። ወንዙ ሙሉ ነው ብላችሁ ጥሬ ውሃ አትጠጡ። ጎርፍ መጸዳጃውንም በረቱንም አጥቦ ነው የሚመጣው። ውሃውን አፍሉት።

የተገዛው እንዳይበላሽ ደግሞ እንጠንቀቅ። እህሉ በደንብ ይድረቅ። አንዷን ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች። ጆንያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከፍ ያለ ርብራብ ላይ ይሁን። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ክብሪት ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። በጀልባ ስትጭኑ ከባዱን ከታች፣ መሀል ላይ አድርጉ። የጀልባው ጠርዝ ወደ ውሃው እስኪጠጋ አትጫኑ። አንድ ጆንያ ለመጨመር ሲባል ሁሉም ሊሰጥም ይችላል፤ ሰውም ጭምር።

በመጨረሻም እርሳስና ወረቀት ያዙ። በአንድ በኩል የዕቃውን ስም፣ በሌላው በኩል ልኩን ጻፉ። «ጨው፣ 4 ኪሎ። እህል፣ 375 ኪሎ።» ሱቅ ስትሄዱ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ሲመዝን ሚዛኑን አንብቡ። በዱቤ ከወሰዳችሁም የወሰዳችሁትንና ቀኑን ራሳችሁ ጻፉት። ሂሳቡ በእሱ ደብተር ብቻ ሳይሆን በእናንተም ደብተር ይኑር።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ቤተሰባችሁን ሰብስቡና መንገዳችሁ የሚዘጋበትን ወር ጠይቁ። ቀኑን ቁጠሩ፣ ዝርዝሩን ጻፉ። ስንቅ የሚገዛው መንገድ ሳይዘጋ ነው። ደህና ሰንብቱ።