ለወላጆቻችሁ የስልክ ሕክምና ስትይዙ፣ ስልኩን ለእነሱ ስጧቸው



እዚህ ገሱባ በጠቅላላ ሐኪምነት ስሰራ ብዙ ጊዜ የሚደውልልኝ ታማሚው ሳይሆን አዲስ አበባ ያለ ልጁ ነው። "ዶክተር፣ እናቴ ግፊት አለባት፣ በስልክ የሚያያት ሐኪም ልያዝላት?" ይለኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ክትትል ሶዶ ድረስ መመላለስ ለአዛውንት ይከብዳል።

ችግሩ ልጅ ደውሎ፣ ልጅ አውርቶ፣ ልጅ ሲዘጋው ነው። እናት መድኃኒቱን ካቆሙ ወር ሊሞላቸው ይችላል። ልጄ እንዳይጨነቅ ብለው አይነግሩትም። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስላላመማቸው የዳኑ ይመስላቸዋል። ይህን ሐኪሙ የሚሰማው ከራሳቸው አፍ ነው።

ስለዚህ፦

👉 አጠገባቸው ስልኩን የሚይዝላቸው ሰው ይኑር፤ የልጅ ልጅ ወይም ጎረቤት ይሆናል። ኔትወርክ ከተቆራረጠ ቪዲዮውን ትታችሁ በድምፅ ቀጥሉ።

👉 አማርኛ ካልቀናቸው ወላይትኛ የሚችል ሐኪም ጠይቁ። ካልተገኘ አስተርጓሚው ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገር።

👉 የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል አዘጋጁ። የባህል መድኃኒትም ካለ ይነገር። "ነጯ ክኒን" ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

👉 ቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ግፊታቸውን አስለኩ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያጣምሩ ይለኩ። ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑ ጻፉት፤ ለምሳሌ 150/90።

👉 ጥቂት ደቂቃ ለብቻቸው ተዉአቸው። አባት የሽንት ችግራቸውን ልጃቸው ፊት ላይናገሩ ይችላሉ።

👉 ከመዝጋታችሁ በፊት የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደሚወስዱ ራሳቸው ይድገሙት። ከተሳሳቱ ሐኪሙ እዚያው ያርመዋል።

⚠️ ይህ ሁሉ ለክትትል ነው። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ ንግግር ከተያዘ፣ ደረት ላይ ከባድ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ። "ይደር፣ ነገ እናያለን" አይባልም። ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ "ደህና ነሽ?" ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። "መድኃኒትሽን ዛሬ ወሰድሽ? ስንት ቀርቶሻል?" ብላችሁ ጠይቁ። ካለቀባቸው ቀጠሮውን ነገ አታሳድሩት።

ለእህት ወንድሞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።