የጣና ዳርቻ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ምን ይታያል? መቼስ?

ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። የአካባቢው ሰው ሐይቁን «ባሕር» ይለዋል፤ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው።

የሐይቁ ጠባይ ከወር ወር፣ ከጠዋት ከሰዓት ይለያያል። ውኃው በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍተኛው ደረጃ ይደርሳል፤ ከዚያ እየጎደለ እስከ ሰኔ ይቆያል። ጠዋት ረጋ ብሎ የሚታየው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል። ስለዚህ ወደ ጣና የሚሄድ ሰው ቦታውን ብቻ ሳይሆን ወሩንና ሰዓቱንም መምረጥ አለበት።

*ከተማዋ*

ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ትገኛለች። መሬቷ ሜዳ፣ መንገዶቿ ሰፋፊና በዘንባባ ያጌጡ ናቸው፤ ብስክሌትም እንደ ሌላው ከተማ ብርቅ አይደለም። የሐይቁን ዳር ይዞ በእግር መሄድ ወጪ የሌለው የመጀመሪያው መዝናኛ ነው። ፔሊካኖች ከዓሣ አጥማጆች እጅ የሚወድቀውን ትርፍራፊ እየጠበቁ ይንሳፈፋሉ። በዳርቻው ባሉ ምግብ ቤቶች ቆሮሶና አምባዛ በጥብስ፣ በጉላሽና በዱለት ይቀርባሉ። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ገደማ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎችም አሉት።

ወደ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት የሚመረጠው የቤዛዊት ኮረብታ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ሲሆን ዓባይ ከከተማዋ ሲርቅ ከላይ ሆኖ ይታያል። ከታች ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ አለ። ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ በጀልባ ይሄዳል። ደብረ ማርያም የሚባለው ደሴትና ገዳሙም በዚያው አቅራቢያ ነው።

*ታንኳ*

የጣና መለያ የሆነው ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ከረግረጉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በእስር በእስር ሆኖ በልጥ ይጠፈራል፤ የፊቱ ጫፍ ሽቅብ ይቀለበሳል። ደንገል ሲደርቅ ውስጡ በአየር ስለሚሞላ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ግን እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። እንደዚያም ተደርጎ ዕድሜው አጭር ነው፤ ያረጀው ይጣልና ሌላ ይጠፈራል። በዚህ ሙያ ከሁሉ የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው።

*ዘጌ*

የዘጌ ልሳነ ምድር ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ በመኪናም ይደረሳል። በዘጌ በቆየው የገዳም ሥርዓት በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። ጥቅጥቅ ያለው ደን ሳይመነጠር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዉም የሚተዳደረው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ከወደቡ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድ በዚሁ የቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል።

ከገዳማቱ በብዛት የሚጎበኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ነው። ሕንፃው ክብ ሲሆን እንደ ሥርዓቱ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አለው። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው፤ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ተሥለዋል። በየበሩ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ቆመዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፤ ጻድቁ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይታያሉ። የበላዔ ሰብ ታሪክም አለ፦ ሰው ሲበላ የኖረ ሰው ለአንድ የተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ ትመዝንለታለች። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ግድግዳው መጽሐፍ ነበር።

*ደሴቶቹ*

በጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል። ክብራን ገብርኤል ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ። ራቅ ብሎ ከደቅ ደሴት ጎን የሚገኘው ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም ማረፊያ ነው፤ ከእነርሱም አፄ ዘርዐ ያዕቆብና አፄ ፋሲል ይጠቀሳሉ። ጣና ቂርቆስ በትውፊቱ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ ዘመናት ያረፈችበት ነው። ክብራን፣ ዳጋና ጣና ቂርቆስ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። በደቅ ደሴት ላይ ያለውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ወደ ደቅና ጣና ቂርቆስ መሄጃው ብቻ ሰዓታት ስለሚፈጅ ቀኑን ሙሉ መመደብ ያስፈልጋል።

*ምሥራቁና ሰሜኑ*

በምሥራቅ በኩል የፎገራ ሜዳ አለ። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ሩዝም የሚበቅለው በዚሁ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ክሬን የተባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎችን ያስተናግዳሉ። በዚሁ ወገንና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ የተባለ አረም ለዓሣ አጥማጁም ለጀልባውም እንቅፋት ሆኗል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል።

በሰሜን ጫፍ ጎርጎራ ትገኛለች፤ ከጎንደር በመኪና ይደረሳል። ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ፣ በአካባቢውም የአፄ ሱስንዮስ ዘመን የግንብ ፍርስራሾች አሉ። በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት የተሠራው ማረፊያም እዚያው ነው።

*ጢስ ዓባይ*

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 40 ሜትር ያህል ነው። ወደ እሱ የሚወስደው የእግር መንገድ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፋል። ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ከሐይቁ ይወስዳል። በዚህ የተነሣ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ጢሱ የሚጤሰው በክረምቱ ማብቂያ ነው።

*ከመነሣት በፊት*

በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ ዋናው ለሆቴል ገንዳ ቢቀር ይሻላል። የጀልባ ዋጋ ከመሳፈር በፊት ቁርጡ ይነገር፤ የሕይወት ጃኬት መኖሩም ይታይ። የመንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ መነሣት ይገባል። ለገዳማቱ ነጠላና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልጋል።

ፏፏቴውን ሞልቶ ማየት ለሚሻ መስከረምና ጥቅምት፣ ለወፎቹ ታኅሣሥና ጥር ይመረጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሰው ጥቅምትን ቢይዝ አይቆጭም። ጀልባ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን በጠዋት ነው።