ዋና ከተማዋ ያለ ቡድን የቀረችባቸው ሦስት የውድድር ዘመናት

በስዊድን የበረዶ ሆኪ እንደ ስቶክሆልሙ ዩርጎርደን ብዙ ጊዜ ዋንጫ ያነሣ ክለብ የለም፤ አሥራ ስድስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህ ክለብ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጦ ላለመውረድ ከትንሿ ቲምሮ ጋር ተፋለመ፤ ተሸነፈና ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ። የከተማዋ ሌላው አንጋፋ ክለብ ኤ.አይ.ኬ. ቀድሞ በ2014 ወርዶ ስለነበር ስቶክሆልም ለሦስት የውድድር ዘመናት በከፍተኛው ሊግ አንድም ቡድን አልነበራትም። ትልልቆቹ ኩባንያዎችና መገናኛ ብዙኃን የከተሙባት ዋና ከተማ ተመልካች ሆና ቀረች። ሊጉ ግን ለእርሷ ሲል ደንቡን አላላላም። ዩርጎርደን የተመለሰው በ2025፣ ያንኑ ኤ.አይ.ኬ.ን በማደጊያው ፍጻሜ አሸንፎ ነው። ሒሳብ የሚያሰላ ነጋዴ ይህን ኪሳራ ሊለው ይችላል። እኔ ግን የስዊድን ሆኪ ሊግ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው እላለሁ፤ ከታች ለሚመጣው በሩ ክፍት ነው፣ ከላይ የተቀመጠውም ወንበሩ ዋስትና የለውም።

ጨዋታው ለብዙ አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። እያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋች ወደ በረዶው ያስገባል፤ ኳስ የለም፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብ ጠፍጣፋ ነገር በዱላ እየተገፋ ግብ ይቆጠራል። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ በሆኑ ሦስት ክፍሎች ይካሄዳል፤ ሩጫው አድካሚ በመሆኑ ተጫዋቾቹ በየደቂቃው ገደማ፣ ጨዋታው ሳይቆም፣ ይቀያየራሉ። ስፖርቱን ለስዊድኖች ያስተዋወቀው ራውል ለ ማት የተባለ አሜሪካዊ የፊልም ሰው ነው። እርሱ ገፋፍቷቸው በ1920ው የአንትወርፕ ኦሊምፒክ ተሳተፉ፤ ከ1926 ጀምሮ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚያነሣው ዋንጫም በስሙ ይጠራል። የዛሬው ሊግ የተመሠረተው በ1975 ሲሆን ኤሊትሴሪየን ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2013 ነው። አሥራ አራት ቡድኖች እርስ በርስ አራት አራት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ለእያንዳንዱ ሃምሳ ሁለት ጨዋታ ማለት ነው። ከዚያ የላይኞቹ ለዋንጫው በጥሎ ማለፍ ይፋለማሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ይገጥማሉ፤ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈው ይተርፋል፣ ሌላው ይወርዳል። በምትኩ የሁለተኛው ሊግ አሸናፊ ያድጋል። የዋንጫውን ፍጻሜ ያህል አገሩን የሚያስጨንቀው ይህ የታችኛው ፍልሚያ ነው።

ክፍቱ በር ማንን እንዳስገባ ማየት ክርክሩን ግልጽ ያደርገዋል። የደቡቡ ቬክሼ ሌከርስ የተቋቋመው በ1997 ነው። ከታች ጀምሮ እየወጣ በ2011 ከፍተኛውን ሊግ ተቀላቀለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ2015 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2018፣ በ2021ና በ2023ም ደገመው። የሰሜኑ ሼሌፍቴኦ በ1990 ከወረደ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ታች ቆይቶ በ2006 ተመለሰ፤ በ2013ና በ2014 በተከታታይ፣ በ2024 ደግሞ እንደገና ዋንጫውን ወሰደ። ሊጉ በ1990ዎቹ በሩን ዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዛሬ ስማቸው ባልተነሣ ነበር። ሌክሳንድም አለ። ስድስት ሺህ ያህል ሰው ብቻ የሚኖርባት ቦታ ናት፤ የሆኪ አዳራሿ ግን ከሰባት ሺህ ተኩል በላይ ተመልካች ይይዛል። ክለቧ በ2015 ወረደ፣ በ2016 አደገ፣ በ2017 እንደገና ወረደ፣ በ2019 ተመለሰ። ሊግን በገበያ ስፋት ብቻ የሚመዝን ሰው ለሌክሳንድ አንዲት ወንበር አይሰጣትም።

ይህ በር ክፍት ሆኖ የቆየው ክለቦቹ የማን እንደሆኑ በሚወስን ሌላ ሕግ ታግዞ ነው። በስዊድን ስፖርት ደንብ መሠረት አንድ ክለብ ኩባንያ አቋቁሞ ባለሀብት ማስገባት ይችላል፤ የድምፁ አብላጫ ግን ከአባላቱ ማኅበር እጅ መውጣት የለበትም። ሃምሳ አንድ በመቶ የሚሉት ሕግ ይህ ነው። በ2013 ይሻር የሚል ሐሳብ ቀርቦ የአገሪቱ የስፖርት ጉባኤ ሳይቀበለው ቀርቷል። ክለቡን በግል የገዛ ሰው ገንዘቡ እንዳይወርድበት በሩ እንዲዘጋ መፈለጉ አይቀርም፤ በእርሱ ቦታ ያለ ሁሉ ያንኑ ይመኛል። አባል ግን የሚሸጠው ድርሻ የለውም። ቡድኑ ቢወርድ ያዝናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደገና መዋጮውን ይከፍላል።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ተራ አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ገንዘብ ነው፤ ስፖንሰርና ቴሌቪዥን እርግጠኝነት ይፈልጋሉ፣ የሰሜን አሜሪካው ኤን.ኤች.ኤል. የበለጸገው መውረድና ማደግ ስለሌለበት ነው ይላሉ። ነገር ግን ዋስትናን የሞከረው የጀርመን ሊግ ምን እንዳደረገ እንይ። ከ2006 ጀምሮ በሩን ዘግቶ ከቆየ በኋላ መልሶ ከፈተው፤ በ2022 የወረደው ክሬፌልድ በ2003 የጀርመን ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። የእግር ኳስ ወዳጆችም በሚያዝያ 2021 የሆነውን አይረሱትም። አሥራ ሁለት ታላላቅ ክለቦች ለራሳቸው ቋሚ ቦታ የያዘ የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ሊመሠርቱ ተነሡ፤ የእንግሊዝ ደጋፊዎች አደባባይ ወጡና ዕቅዱ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። የባለሀብት ገንዘብ ቢገባ ኮከቦቹ አገር ቤት ይቀሩ ነበር የሚለውም አያሳምነኝም። በሩሲያ በ2008 የተጀመረው የኬ.ኤች.ኤል. ሊግ በትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ የተደገፈ ነው፤ ሆኖም በዋሽንግተን የሚኖሩ አንባቢዎች ሁሉ ስሙን የሚያውቁት ሩሲያዊው ተጫዋች አሌክሳንደር ኦቬችኪን ዕድሜውን የፈጀው እዚያው ዋሽንግተን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የመውረድ ፍርሃት ክለቦችን ያሯሩጣል፤ አሰልጣኝ በአጋማሽ ይባረራል፣ በጥር ውድ ተጫዋች ይገዛል፣ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የወረደው ክለብም ገቢው በአንድ ጊዜ ያሽቆለቁላል። ይህ እውነት ነው፤ ሊጉም ለወራጆች የሚሰጠውን ድጋፍ ማጠንከርና ታዳጊ ለሚያሰልፉ ክለቦች ከጋራ ገቢው ከፍ ያለ ድርሻ መስጠት አለበት እላለሁ። መውረድ ግን ሞት አይደለም። የዬቭሌው ብሪኔስ፣ የኦቬችኪንን የረጅም ዘመን አጣማሪ ኒክላስ ቤክስትረምን ያሳደገው ክለብ፣ ከ1960 ጀምሮ ወርዶ አያውቅም ነበር። በ2023 ወረደ። በዓመቱ ተመለሰ፤ በ2025 ደግሞ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ከሉሌኦ ጋር ተጫወተ። ሉሌኦ አሸንፎ ከ1996 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። በሦስት ተከታታይ ጸደዮች ውስጥ የአንድ ከተማ ሰው መውረድን፣ ማደግንና ፍጻሜን አየ።

ሁሉም እንደ ብሪኔስ አይቀናውም። ሠላሳ ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት የኦርንሾልድስቪክ ክለብ ሞዶ ፒተር ፎርስበርግንና መንትዮቹን ሄንሪክና ዳንኤል ሴዲንን አፍርቷል፤ ፎርስበርግ በ2003፣ ሄንሪክ በ2010 የኤን.ኤች.ኤል. ኮከብ ተጫዋች ተብለው ተሸልመዋል። ልጆቹ የተኮተኮቱት ክለቡ ከፍተኛው ሊግ ውስጥ ቦታውን በየዓመቱ በትግል በሚያስከብርበት ዘመን ነው። ያው ሞዶ በ2016 ወረደ፤ ለመመለስ ሰባት ዓመት ፈጀበት፤ በ2025 ዩርጎርደን ሲያድግ እርሱ እንደገና ወረደ። የከተማዋ ሐዘን ከባድ ነው። ሆኖም በ2023 ያስገባው ደንብና በ2025 ያስወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ሞዶን ከመውረድ የሚያድን ሕግ ቢወጣ ኖሮ ዩርጎርደንንም በ2022 ባዳነው፣ ቲምሮም ቦታዋን በትግል የማስከበር ዕድል ባልነበራት።