ምንጣፉ የማን ነው?

በእኛ ዘንድ ምንጣፍ የእንግዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲረገጥ ይከርምና በዓል ሲቃረብ ይታጠባል፤ ሳሎኑ እንዲያምር፣ ዘመድ እንዳይታዘብ። እዚህ ሐዋሳ ደግሞ ከሌላው በዓል በላይ ሁለት የጥድፊያ ጊዜ አለን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር እንግዳ ይጎርፋል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት በፒያሳ ዙሪያ አጥሩም የብረት በሩም ምንጣፍ ይለብሳል። የሐምሌው ንግሥ የሚውለው በክረምቱ እምብርት ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በእኔ ቤት ምንጣፉ የእንግዳ መሆኑ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለቤቱ የልጅ ልጄ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ገና በማኅፀን ሳለ፣ በምጥ ጊዜ ወይም በተወለደ ሰሞን አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣና የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያውክ ችግር ነው። ዊልቸሩ ላይ መቀመጥ ሲደክመው ምንጣፉ ላይ እናወርደዋለን። እዚያው ይንከባለላል፣ እዚያው ይጫወታል፣ ጉንጩን አስደግፎ ካርቱን ያያል። ለሃጩ እዚያው ይንጠባጠባል፤ አንዳንድ ቀን ዳይፐሩም ያፈሳል። እኛ ምንጣፍን በውስጥ እግራችን ነው የምናውቀው፤ እሱ በፊቱ ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። ልጅ ይሁን፣ በስትሮክ አንድ ጎኗ የከዳት እናት ትሁን፣ ክራንች የያዘ አባት ይሁን፣ ምንጣፉ ለእነሱ ጌጥ አይደለም። አልጋም፣ መንገድም፣ መደገፊያም ነው። እጥበቱም በዚያው ልክ መታሰብ አለበት እላለሁ። ላዩ ብሩህ ሆኖ መመለሱ ብቻ አይበቃም፤ በምን ታጠበ፣ ምን ያህል ተለቀለቀ፣ ውስጡስ ደርቋል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የእኛ ምንጣፍ ወደ አንድ ላቫጆ ሄደ። ስሙን አልጠራም፤ መኪናም ምንጣፍም የሚያጥብ እንደማንኛውም ነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተሸክሞ አመጣውና «ደርቋል ጋሼ፣ እንደ አዲስ ሆኗል» አለኝ። ላዩ በእርግጥ ደርቆ ነበር፤ የበረኪናው ሽታ ግን ከበር ይቀበላል። የልጅ ልጄ ሦስት ቀን ምንጣፉ ናፍቆት ስለነበር በደስታ ወረደበት። ማታ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት አደርን። ጠዋት እናቱ ምንጣፉን ብትገለብጠው ጀርባው እርጥብ ነበር፤ መሐሉ ላይ እጇን ስትጫነው መዳፏ ራሰ።

ሐኪሟ ጥፋቱን በምንጣፉ ላይ አልደመደመችም። የበረኪናው ትነት ይሁን እርጥበቱ ወይስ ቀድሞ የጀመረው ጉንፋን በአንድ ሌሊት ለይቶ መናገር እንደማይቻል ነግራናለች። እኔም ከዚያ በላይ አልልም። ነገር ግን ሁለቱም እንዲህ ያለውን ደረት እንደሚያስቆጡ የታወቀ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ብዙ ልጆች መዋጥ ይቸግራቸዋል፣ ሳላቸውም ደካማ ነው። የገባባቸውን ነገር አስለው አያስወጡም። በእነሱ ላይ የሳንባ በሽታ የሚጠናው ለዚህ ነው። መሬት ላይ የሚውል ሰው ደግሞ የሚተነፍሰው ከወለሉ የሚነሣውን አየር ነው፤ እኛ ቆመን የማናየው አቧራ ለእሱ በአፍንጫው ትክክል ነው።

ምንጣፍ ውስጥ ምን አለ? አቧራ አለ፣ ከሰውነታችን የሚረግፍ የቆዳ ፍርፋሪ አለ፣ እሱን የምትመገብ ከሸረሪት ዘመዶች የምትመደብ ተባይም አለች። ሐኪሞች የአቧራ ማይት ይሏታል። ርዝመቷ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዓይን አትያዝም። የምታስቸግረው በመንከስ ሳይሆን በኩሷ ነው፤ እሱ ነው አስም የሚቀሰቅሰው። የምትኖረው ደግሞ እርጥበት ባለበት ነው። ነገሩ የፈረንጅ ቤት ችግር እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ጅማ ከተማንና በዙሪያዋ ያለውን ገጠር አነጻጽሮ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። የምንተኛበትና የምናነጥፈው ነገር ከተማ ስንገባ ተቀይሯል። ከሰሌንና ከጅባ ወደ ወፍራም ምንጣፍ፣ ስፖንጅና ሶፋ ስንሸጋገር አቧራ የሚደበቅበትንም ቦታ አብረን ገዝተናል።

ስለ እርጥበቱ የሚነገረው ደንብ ቀላል ነው። የረጠበ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። አሁን ወደ ሐምሌ ገብርኤል ልመለስ። በዝናብ ወር አጥር ላይ የተሰጣ ወፍራም ምንጣፍ በሁለት ቀን ይደርቃል ማለት ዘበት ነው፤ ላዩን ነፋስ ይመታዋል፣ ጀርባው እንደታፈነ ይቀራል። የበዓል ደንበኛ ስለሚበዛ አጣቢውም ይጣደፋል። ስለዚህ ለክረምት እንግዳ ብሎ ምንጣፍ ማሳጠብን እኛ ቤት ትተናል። ትልቁ እጥበት በበጋ ነው፤ ኅዳርና ጥር ላይ የሐዋሳ ፀሐይ በአንድ ቀን ተኩል ግራና ቀኙን ታደርቀዋለች።

ከውሃው ቀጥሎ የሚያሳስበው መድኃኒቱ ነው። በረኪና ስንል ንጽሕና የሚመስለን ብዙ ነን፤ ሽታው ራሱ «ታጥቧል» የሚል ማኅተም ሆኖብናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በረኪና የሱፍ ምንጣፍን ይበላል፣ ቀለምን ያነጣል። ከሽንት ጋር ሲገናኝ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሴራሚክ ለማጽዳት ከሚሸጠው አሲድ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የልጅ ሽንት የጠጣ ምንጣፍ ላይ በረኪና ማፍሰስ እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የወስፋት እንቁላል ይገድልልኛል ብሎ የሚጠቀምበትም አለ፤ የወስፋት እንቁላል ግን ለበረኪና አይበገርም፤ የሚገድለው ከፍተኛ ሙቀት ነው።

ለሽንት የሚበጀው ወዲያው መድረስ ነው። በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ (ማሸት አይደለም፣ ማሸት ወደ ውስጥ ይሰደዋል)፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ ደጋግሞ ውሃ። ሽታው ካልለቀቀ በብዙ ውሃ የቀጠነ አቼቶ ይረዳል፤ በዚያ ቦታ ላይ በረኪና ያልነካው መሆኑን ካረጋገጣችሁ ብቻ።

ሳሙናውም ቢሆን ካልተለቀለቀ ጠላት ነው። ኦሞ በብዛት ተነስንሶበት አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ የተረጨበት ምንጣፍ ሲደርቅ ሳሙናው በጸጉሩ ሥር ይቀራል። ተጣባቂ ስለሆነ አቧራ ይስባል፤ ላብ ሲነካው ቆዳ ያሳክካል። ይህ በተለይ የሚያሳስበው ስሜት የሌለው ቆዳ ላላቸው ሰዎች ነው። ስፓይና ቢፊዳ ማለትም የጀርባ አጥንት ክፍተት ይዘው የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ በጉልበታቸው ይድሃሉ፤ ከወገብ በታች ግን ላይሰማቸው ይችላል። ምንጣፉ ጉልበታቸውን ሲልጠው አያለቅሱም። ጸጉሩ ውስጥ የተሰነቀረች ጠጠር ወይም የስቴፕለር ሽቦ ቆዳቸውን ብትወጋቸው የምታውቁት ማታ ስታጥቧቸው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ማታ ማታ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ማየትን ልማድ አድርጉት፤ በወፍራም ሱሪ ማስዳህም ይረዳል።

አሁን የእኛን ምንጣፍ የሚያጥብልን ሌላ ሰው ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጸዳ ወጣት። መጀመሪያ ቀን ጥያቄ ሳበዛበት «አባባ፣ እርስዎ ራስዎ አጣቢ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳይታክተኝ ጠየቅሁት። በምን ታጥባለህ? ዕቃውን አሳየኝ። ስንት ጊዜ ታለቀልቃለህ? ውሃውን የሚመጥ ማሽን አለህ ወይስ በመጥረጊያ ነው የምትገፋው? ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። በግፊት ውሃ መርጨት ማንም ይችላል፤ ባለሙያውን የሚለየው ውሃውን መልሶ ማውጣቱ ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል እንዲያለቀልቅ፣ ሽቶ እንዳይጨምር ተስማማን። ለተጨማሪው ልቅለቃ ጥቂት ብር ጨመረብኝ፤ ተገቢ ነው፣ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ሲታጠብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሴራሚክ ላይ የፈሰሰ ውሃ ለክራንች ጎማ በረዶ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር የምንጎዘጉዘው ቄጠማም እንዲሁ ነው፤ ለእኛ መዓዛ፣ ክራንች ለያዘ ሰው ወጥመድ። ወለሉ እስኪደርቅ ክራንች፣ ዎከርና ዊልቸር ያላቸው ሌላ ክፍል ይቆዩ። ምንጣፍ የሚራገፍ ወይም በቫኪዩም የሚጠረግ ከሆነም ደረተ ደካማው ከክፍሉ ይውጣ፤ አቧራው እስኪሰክን ጥቂት ሰዓት ይሰጠው። መስኮት ሥር ምንጣፍ መደብደብ አቧራውን መልሶ ወደ ቤት መጋበዝ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን ምንጣፉ በሌለባቸው ቀናት የሚሆነውን ነው። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ልጅ አይወርድም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ምንጣፍ ሲነሣ የሚወድቅበት ወለል ባዶ ድንጋይ ይሆናል። እኛ ችግሩን የፈታነው ትልቁን ምንጣፍ ለሁለት ትንንሽ በመቀየር ነው። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። ትንሽ ስለሆነ አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በየወሩ ቢታጠብም ወጪው አይከብድም። ከሥሩ ስፖንጅ አናደርግም፤ ስፖንጅ ሽንት ጠጥቶ ያስቀራል፣ የዊልቸር ጎማም ይሰምጥበታል።

ሲመለስ አነጣጠፉም ከእጥበቱ አያንስም። ታጥቦ የደረቀ ምንጣፍ ጠርዙ ይታጠፋል፤ የአረጋውያን መውደቅ አንዱ ሰበብ ይህ ነው። ጠርዙን በሁለት በኩል በሚይዝ ማጣበቂያ ከወለሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ዘርፉን እኛ ቆርጠን አስጠቅልለነዋል፤ የዊልቸር የፊት ትናንሽ ጎማዎች ላይ ይጠመጠም ነበር። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች የወጣው የሕንፃ መመሪያ የምንጣፍ ጸጉር ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ጠርዙም በደንብ እንዲያያዝ ያዛል። በእኛ አገር በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ አካል ጉዳተኞች መገልገያ የተናገረው የሕዝብ ሕንፃን በሚመለከት ነበር። ከግቢያችን በር ወዲህ ያለው ለእኛው የተተወ ነው፤ ምንጣፍ ስትገዙ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

የጎረቤቴ ባለቤት ዓይነ ስውር መምህር ነው። ከሶፋ ወደ ጓዳ በር የሚሄደው የምንጣፉን ጠርዝ በእግሩ እያነበበ ነው። አንድ ጊዜ አጣቢዎች ምንጣፉን አዙረው፣ ጠረጴዛውንም አንድ ክንድ ገፋ አድርገው አነጠፉትና ሰውየው ጭኑን ተላተመ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ምንጣፉ ከመነሣቱ በፊት አራቱን ማዕዘን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ታደርጋለች። አጣቢው በዚያው ልክ ይመልሳል።

በየቀኑ የሚሠራው ደግሞ ቀላሉ ነው። ዊልቸር ጫማ አያወልቅም። ከፒያሳ ሲመለስ የጋሪ ፈረስ ፋንድያውንም፣ ጭቃውንም፣ የባጃጅ ዘይቱንም በጎማው ይዞ ይገባል። በራችን ላይ አንድ ባልዲ ውሃና ጨርቅ አለ፤ የልጅ ልጄ ታላቅ እህት አራቱንም ጎማ ሳትወለውል አታስገባውም። የክራንች ጎማም እንዲሁ መጠረግ አለበት፤ ካለቀ ደግሞ መቀየር፣ ያለቀ ጎማ በደረቅ ወለልም ያንሸራትታል።

ባለፈው ጥር ወጣቱ አጣቢ ምንጣፉን ይዞ ሲመጣ ከሰላምታው ቀድሞ ራሱ ገለበጠውና «ይዳስሱት አባባ» አለኝ። መዳፌን መሐሉ ላይ አድርጌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ደረቅ ነበር፤ አሽትቼም ምንም አላገኘሁበት። ያኔ ሒሳቡን ከፈልኩት።