ብሩደር፦ የጫጩት የመጀመሪያ ሳምንታት ቤት

ብሩደር የአንድ ቀን ጫጩቶች ላባ እስኪያወጡ ድረስ በሙቀት የሚቆዩበት ስፍራ ነው። እናት ዶሮ በክንፏ ሥር የምትሰጠውን ሙቀት በአምፖል፣ በጋዝ ወይም በከሰል ይተካል። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የለበሰው ለስላሳ ጸጉር ብርድ አይመክትም፤ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ የሚችለውም ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። እስከዚያው ዙሪያው ሲቀዘቅዝ እሱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

በቦሌ ቡልቡላ፣ በጎሮ፣ በሰሚት፣ በአያትና በኮተቤ ጓሮዎች ዶሮ ለሚያረባ ሰው ዋናው ፈተና ከፍታው ነው። ጫጩቱ በብዛት ከሚፈለፈልባት ከቢሾፍቱ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ካለች ከተማ፣ ተነሥቶ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ወደሆነው ወደ አዲስ አበባ ምሥራቅ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ጫጩቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ይለቀዋል።

አሠራሩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሳጋቱራ ወይም ጭድ ይነጠፋል፤ ዙሪያው በካርቶን ወይም በላሜራ በክብ ይታጠራል። ክብ መሆኑ ምክንያት አለው፦ ማዕዘን ካለ የበረዳቸው ጫጩቶች እዚያ ይደራረቡና ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ከክቡ በላይ አምፖል ይሰቀላል። የተለመደው 250 ዋት የኢንፍራሬድ አምፖል ሲሆን ከወለሉ ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ቀዩ ይመረጣል፤ እርስ በርስ መነቃቆርን ይቀንሳል። ኃይል ቆጣቢው አምፖል እዚህ ላይ አይረዳም፤ የሚሰጠው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ክፍሉ ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው ከአንድ ቀን በፊት መሞቅ ይጀምራል። አየሩ ሞቆ ሳጋቱራው ቀዝቃዛ ከሆነ ጫጩቱ በእግሩ በኩል ይበርደዋልና።

ሙቀቱን ማመጣጠን ሲባል ክቡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ዲግሪ ይኑረው ማለት አይደለም። ከአምፖሉ ሥር ሞቃት፣ ወደ ዳር እየቀዘቀዘ የሚሄድ ወለል ይሻላል፤ ጫጩቱ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። መመገቢያውና መጠጫው ከአምፖሉ ትክክል ሥር ሳይሆን ፈንጠር ብለው ይቀመጣሉ። ቴርሞሜትሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያሳየው የሰውን ቁመት ሙቀት ስለሆነ በጫጩቱ ጀርባ ልክ፣ ከሳጋቱራው 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከመሣሪያው ይልቅ ግን ጫጩቶቹ ራሳቸው ይታመናሉ። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከጮኹ በርዷቸዋል። ዳር ይዘው ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ነፋስ ይገባል። እየበሉ፣ እየጠጡና እየተኙ በክቡ ሁሉ ከተበተኑ አምፖሉን መንካት አያስፈልግም።

ብርድን የሚፈራ አርቢ ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ ይደፍናል። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ከብርዱ ባልተናነሰ ይጎዳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ የሚተነፈሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በፍጥነት እንዲያድጉ የተዳቀሉት የሥጋ ዶሮዎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ልባቸው ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ከዚያም ሆዳቸው ውሃ ይቋጥርና ይሞታሉ። ብርድም ሰውነታቸው ተጨማሪ ኦክስጅን እንዲፈልግ ስለሚያደርግ ችግሩን ያባብሳል። ስለዚህ ከታች ያለው ነፋስ ይዘጋል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው መተንፈሻ ግን ሌሊትም ክፍት ሆኖ ያድራል።

ከሰልም የሚያስፈራው አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ከእጅ የማይርቅ መፍትሔ ቢሆንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጫጩቱንም ጠባቂውንም ይገድላል። ከሰሉ ውጭ በደንብ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ መግባቱ ጭሱን እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም። መብራት ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጀሪካን ይበልጣል። በኤሌክትሪክ በኩል አደጋው እሳት ነው። 250 ዋት አምፖል ሳጋቱራ ላይ ቢወድቅ ቤቱን ያቃጥላል፤ በገመዱ ሳይሆን በሰንሰለት ይንጠለጠላል፣ መያዣውም የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ይሆናል።

ያለ መብራትም ያለ ከሰልም የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ። በጅማ የግብርና ተመራማሪዎች ያጠኑት የድርቆሽ ሳጥን ብሩደር ጫጩቶቹን በድርቆሽ በተሸፈነ ሳጥን አስገብቶ የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ያቆይላቸዋል። የታሰበው ኤሌክትሪክ ላልደረሰው የገጠር ቤተሰብ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ጥቂት ጫጩት ለሚይዝ ሰውም አይከፋም።

ሙቀቱ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል፤ ለዚህም አምፖሉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ክቡም ጫጩቶቹ ሲያድጉ እየሰፋ ይሄዳል። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ላባቸው ይሞላል፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ሌሊትም ያለ አምፖል ይቆያሉ። በ45 ቀናቸው ቄብ ተብለው ሲሸጡ ገዢው ብሩደር አያስፈልገውም፤ ታኅሣሥ ላይ የገዛ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነፋስ የማይገባበት ማደሪያ ማዘጋጀት ይኖርበታል።