«ኖርማል» የሚለው ወረቀት

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ትኩሳት ይዞት ሕክምና የሄደ ሰው የነጭ የደም ሴል ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ካለ «ደምህ ውስጥ ኢንፌክሽን አለ» ይባላል፤ በልኩ ከሆነ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ሁለቱም ችኩል ድምዳሜ ናቸው። ባክቴሪያ ሰውነት ሲወር የአጥንት መቅኒ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ ሴሎች አብዝቶ ይለቃል፤ ስለዚህ የሳንባ ምች ወይም የትርፍ አንጀት ሕመም ሲጠረጠር የቁጥሩ መጨመር ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ይሁን እንጂ እርግዝናም ሆነ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ያለ ምንም ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ታይፎይድ ግን ብዙ ጊዜ አይጨምረውም፤ እንዲያውም ሊቀንሰው ይችላል። ወባም እንደዚሁ ነው። ወደ ባኮና ወደ ጊቤ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ትኩሳታም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የወባ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ልክ» የምንለው ነገር ነው። ለአዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 የሚለው የተለመደ መለኪያ በአብዛኛው ከሌላ አገር ሕዝብ የተወሰደ ነው። ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ግን በተፈጥሯቸው የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም በሽታ አይደለም። በፈረንጆቹ 1999 የታተመ፣ በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎር የተባሉ ነጭ ሴሎች ከኔዘርላንዳውያን ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ በጤናው ጊዜ 3,500 የነበረው ሰው ታሞ 9,000 ቢደርስ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ወረቀቱ ግን «ኖርማል» ይላል።

«በትንሽ ከተማ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚለየው የደም ካልቸር ከየት ይመጣል? ያለን ይኸው ቆጠራ ነው» የሚል ሰው እውነት አለው። እኔም ምርመራው ይቅር አልልም፤ በደንብ ይነበብ ነው የምለው። የትኛው ዓይነት ነጭ ሴል እንደበዛ በማይክሮስኮፕ መለየት ይቻላል። ሕመምተኛው የድሮ ውጤቱን ይዞ ቢመጣ ሐኪሙ ሰውዬውን ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ካጠራጠረም በማግሥቱ ምርመራው ይደገማል። በቁጥር ብቻ ሲፕሮ የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ግን ታይፎይድን የመሰለ በሽታ መድኃኒቱን እንዲለምድ መንገድ ይከፍታል። ሌላም አደጋ አለ፦ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ በተሰራጨበት ሕመምተኛ፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃንና በአረጋዊ፣ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ትንፋሹ የፈጠነ ወይም የሚቃዥ ሕመምተኛ፣ ወይም ጡት አልጠባም ያለ ሕፃን ካለ ሕክምናው የቆጠራውን ውጤት መጠበቅ የለበትም።